የማክሮፑሎስ ጉዳይ፦ ስለ 337 ዓመቷ ሴት ኦፔራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው የምንሄደው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መጨረሻውን አስቀድሞ መስማት የማይፈልግ ሰው ከመጀመሪያው መልስ በኋላ ያቁም።

«የማክሮፑሎስ ጉዳይ» ምንድን ነው?

የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ሌዎሽ ያናቼክ የጻፈው ባለ ሦስት ገቢር ኦፔራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው ዲሴምበር 18 ቀን 1926 በብርኖ ከተማ ነው። ብርኖ የሞራቪያ ትልቋ ከተማ ናት። ያናቼክም አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው እዚያ ነው። ያን ምሽት ኦርኬስትራውን የመራው ፍራንቲሼክ ኖይማን ሲሆን ያናቼክ ራሱ 72 ዓመቱ ነበር። በሕይወት ሳለ የታየለት የመጨረሻ ኦፔራው ይኸው ነው። በኦገስት 1928 ዐረፈ።

ታሪኩን የወሰደው ከካሬል ቻፔክ ተውኔት ነው። ቻፔክን በስም ባታውቁት እንኳ አንድ ውለታው እጃችሁ ላይ አለ፤ «ሮቦት» የሚለው ቃል ወደ ዓለም የወጣው በሌላ ተውኔቱ ነው። ቃሉን ያዋጣለት ደግሞ ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዴት ነው?

ጊዜው 1922፣ ቦታው ፕራግ። አንድ የውርስ ክርክር መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። የመጨረሻው ውሳኔ በሚጠበቅበት ቀን ኤሚሊያ ማርቲ የምትባል ዝነኛ የኦፔራ ዘፋኝ ጠበቃው ቢሮ ትገባለች። ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎችን ምስጢር እንደ ጎረቤት ወሬ ታወራለች። የጠፋው ኑዛዜ የት ቤት፣ የትኛው ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ ትናገራለች። ሄደው ሲያዩ ኑዛዜው እዚያው ቁጭ ብሏል።

ማርቲ ግን ለውርሱ ደንታ የላትም። የምትፈልገው ከኑዛዜው ጋር የተቀመጠውን በግሪክኛ የተጻፈ ወረቀት ነው። ለዚያ ስትል የማታደርገው የለም። ባለጉዳዩ አልበርት ግሬጎር በፍቅሯ ያብዳል። የተቃራኒው ወገን የያሮስላቭ ፕሩስ ልጅ ያኔክም እንዲሁ። አባትየው ፕሩስ ደግሞ ወረቀቱን ይሰጣታል፤ ዋጋው አንድ ሌሊት ነው። ሲነጋ ሁለቱም አዝነዋል። እሱ ከሬሳ ጋር ያደረ ያህል በርዶታል። ወዲያው ልጁ ያኔክ ራሱን እንዳጠፋ መርዶ ይመጣል።

በመጨረሻ ሰዎቹ አጭበርባሪ ናት ብለው ሻንጣዋን ይበረብራሉ። እሷም ሰክራ እውነቱን ትዘረግፈዋለች። ስሟ ኤሊና ማክሮፑሎስ ነው። የተወለደችው በ1585 ቀርጤስ ነው። አባቷ የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ሁለተኛ ሐኪም ነበር። ንጉሡ 300 ዓመት የሚያኖር መድኃኒት ቀምምልኝ ይለዋል። ተቀመመ፤ ንጉሡ ግን ለመጠጣት ፈራ። መጀመሪያ ልጅህ ትጠጣና እንየው አለ። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነበር። ጠጣችና ራሷን ሳተች፤ አባቷ እስር ቤት ተወረወረ። እሷ ስትነቃ ቀመሩን ይዛ ጠፋች። ይኸው እስከ 1922 አለች፤ መድኃኒቱ እያለቀባት ስለሆነ ወረቀቱን ፍለጋ መጥታለች። ወረቀቱ እጇ ሲገባ ግን አልፈልገውም ትላለች። ክርስቲና ለምትባል ወጣት ዘፋኝ ትሰጣታለች፤ ክርስቲና ታቃጥለዋለች፤ ኤሊና ትሞታለች።

የፍርድ ቤቱ ክርክር ግራ አጋባኝ። ማነው ማንን የከሰሰው?

ሁሉም ሰው ግራ ይጋባል፤ የመጀመሪያውን ገቢር ሳይዘጋጅ ገብቶ የሚረዳ ካለ ሕግ ያጠና መሆን አለበት። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1827 ባሮን ዮሴፍ ፕሩስ ኑዛዜ ሳይገኝለት፣ ሕጋዊ ልጅም ሳይኖረው ሞተ። ንብረቱ ለዘመዶቹ ሄደ። በፈርዲናንድ ግሬጎር ስም ግን ክስ ተነሳ፤ ባሮኑ ሎኮቭ የሚባለውን ርስት ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር ተባለ። ወራሾቹም መልስ ነበራቸው። ባሮኑ ሊሞት ሲል የጠራው ስም «ማህ ግሬጎር» ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ሰው ነው አሉ። በዚህ ሲከራከሩ ልጆች አባቶችን ተኩ፣ የልጅ ልጆች መጡ። አሁን ከአንድ ወገን አልበርት ግሬጎር፣ ከሌላው ወገን ያሮስላቭ ፕሩስ ቆመዋል። አልበርት ዕዳ በዕዳ ነው፤ ከተረታ ያበቃለታል። የርስት ክርክር ቤተሰብ ሲበላ ላየ ሰው ይህ ክፍል ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ማርቲ ቋጠሮውን ትፈታዋለች። ባሮኑ ሲሞት የጠራው ኤሊያን ማክግሬጎር የምትባለውን ፍቅረኛውን፣ ዘፋኟን ነው። ፈርዲናንድ የሁለቱ ልጅ ነው። ኑዛዜው ሲገኝ ግን «ልጄ ፈርዲናንድ» ነው የሚለው። ያ ፈርዲናንድ ግሬጎር ስለመሆኑ ማስረጃ ያስፈልጋል። ይባስ ብሎ የልደት መዝገቡ ላይ ልጁ የተጻፈው ማክሮፑሎስ ተብሎ ነው።

ማርቲ ማስረጃ ትልካለች፤ ፊርማው የኤሊያን ማክግሬጎር። ቀለሙ ግን ትኩስ ነው። የእጅ ጽሑፉም ማርቲ ለክርስቲና ከፈረመችላት ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ፎርጅድ ነው ብለው ያፋጥጧታል። እኔን የሚያስቀኝ ይህ ነው፤ ሴትየዋ የገዛ ፊርማዋን አስመስላ ፈረመች ተብላ ተያዘች።

ስንት ስም ነው ያላት?

ስድስቱን እንሰማለን። ስትወለድ ኤሊና ማክሮፑሎስ ናት። ለባሮኑ ኤሊያን ማክግሬጎር ነበረች፣ በስፓኝ ኤውጌኒያ ሞንቴዝ፣ በሌላ ዘመን ኤካቴሪና ሚሽኪና፣ ደግሞ ኤልሳ ሙለር። በፕራግ ኤሚሊያ ማርቲ ሆናለች። አንድ ሰው ሳያረጅ አንድ ቦታ ብዙ መቀመጥ አይችልም፤ ጎረቤት ይጠይቃል። ስለዚህ በየሁለት ሦስት አሥርት ዓመቱ አገርና ስም መቀየር ግድ ነው።

በላቲን ፊደል ሲጻፉ የስሞቹ ሁሉ መነሻ ፊደላት E እና M ናቸው። ፕሩስ የጠረጠረው በዚህ ነው። ቤቱ ያገኛቸው የድሮ የፍቅር ደብዳቤዎች ሥር ያለው ምልክት እነዚሁ ፊደላት ናቸው።

ስንት ሰዓት ይወስዳል? የምናውቃቸው ዓይነት ዘፈኖች አሉት?

ሙዚቃው ብቻውን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው፤ እረፍት ሲጨመር ይረዝማል። ለኦፔራ አጭር ነው። ቆም ተብሎ የሚዘፈን፣ ጭብጨባ የሚጠበቅበት አሪያ አትጠብቁ። ሰዎቹ ይነጋገራሉ፣ ይቋረጣሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ስልክ ይደውላሉ። ዜማው ያለው ኦርኬስትራው ውስጥ ነው። ድምፃውያኑ ዜማ የሚፈስላቸው መጨረሻው ላይ ነው።

ዘፈናቸው ለምን ወሬ ይመስላል?

ያናቼክ ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። ገበያ ላይ፣ ባቡር ጣቢያ፣ መንገድ ላይ ሰው ሲናገር ቃሉን ብቻ ሳይሆን የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በኖታ ይጽፍ ነበር። «ደህና ዋልክ» የሚለው ሰው ደስ ብሎት ሲናገርና ተናድዶ ሲናገር ዜማው እንደሚለያይ ያውቃል። የሰው ልብ የሚታወቀው በዚህ የንግግር ዜማ ነው ብሎ ያምን ነበር። ልጁ ኦልጋ በ1903 ስትሞት የመጨረሻ ቃሎቿን እንኳ በኖታ አስፍሯል። ይህን ጭካኔ የሚሉት አሉ። እኔ ድምፅዋን ለማስቀረት ሌላ መንገድ ያልነበረው አባት ነው የምለው።

ስለዚህ የኦፔራው ሰዎች የሚዘፍኑት እንደ ቼክኛ ተናጋሪ ነው። አረፍተ ነገሩ አጭር ከሆነ ዜማውም አጭር ነው። ቼክኛ የማንችል ሰዎች የትርጉም ጽሑፍ ካላየን ብዙ ያመልጠናል። በሌላ ኦፔራ ጽሑፉን ችላ ብሎ በዜማው መደሰት ይቻላል፤ እዚህ አይሠራም።

ሩዶልፍ ሁለተኛ በእውን የነበረ ንጉሥ ነው? ሐኪሙስ?

ንጉሡ እውነተኛ ነው። ከ1576 እስከ 1612 የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ነበር። መናገሻውን ከቪየና ወደ ፕራግ ያዛወረው እሱ ነው። ግቢው የኮከብ ተመራማሪዎች፣ የሠዓሊዎች፣ ተራ ብረትን ወርቅ እናደርጋለን የሚሉ አልኬሚስቶች መናኸሪያ ነበር። ቲኮ ብራሄና ዮሐንስ ኬፕለር የሠሩት በእሱ ዘመን እዚያ ነው። ኤድዋርድ ኬሊ የሚባለው እንግሊዛዊ አልኬሚስትም በንጉሡ ትእዛዝ ታስሯል። ሐኪሙ ሂሮኒሙስ ማክሮፑሎስና ልጁ ግን የቻፔክ ፈጠራ ናቸው። ፈጠራው ግን አይጎረብጥም፤ በዚያ ግቢ እንዲህ ያለ ነገር ታዘዘ ቢባል ማንም አይገረምም።

ያናቼክ ይህን ዘመን በመግቢያው ሙዚቃ አስገብቶታል። ዋናው ኦርኬስትራ ሲሮጥ፣ ከመድረክ ጀርባ የናስ መሣሪያዎችና ቲምፓኒ የሚባሉ ትልልቅ ከበሮዎች ከሩቅ ይሰማሉ። ያ የሩዶልፍ ግቢ ነው። መጋረጃው ሳይከፈት ሁለት ዘመን እየሰማን ነው፤ ኤሊና የወጣችበትን ሦስተኛው ገቢር ላይ ስትናገር እነዚያ ጡሩምባዎች ይመለሳሉ። መጀመሪያ ላይ ልብ ብላችሁ ስሟቸው።

ቻፔክ ተውኔቱ ኦፔራ እንዲሆን አልፈለገም የሚባለው እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። ያናቼክ ተውኔቱን ያየው በዲሴምበር 1922 ፕራግ ነው፤ ከተከፈተ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ወዲያው ለቻፔክ ጻፈለት። ቻፔክ ጨዋ መልስ ሰጠ። የእርስዎን ሙዚቃ እንዲህ ካለ ወሬ የበዛበት፣ ግጥም ከሌለው ተውኔት ጋር ማገናኘት ይከብደኛል የሚል ይዘት ነበረው። 300 ዓመት የኖረ ሰው የማንም ንብረት ስላልሆነ፣ ከፈለጉ የራስዎን ታሪክ ይፍጠሩ አለው። የመብት ጉዳይም ነበረ፤ ቻፔክ ለውጭ አገር ወኪል የፈረመው ውል ይዞት ነበር።

ያናቼክ የሚመለስ ሰው አልነበረም። በ1923 ፈቃዱ ተገኘ። የኦፔራውን ጽሑፍ ራሱ ከተውኔቱ እየቆረጠ አዘጋጀ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ጀምሮ በ1925 መጨረሻ ጨረሰው። ቻፔክ ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ያናቼክ ሰባ ሊሞላው ነው። ስለ ረጅም ዕድሜ የጻፈው ወጣቱ፣ እሽ ብሎ የተቀበለው ሽማግሌው መሆኑ ደስ ይላል።

ተውኔቱና ኦፔራው ምን ያህል ይለያያሉ?

ቻፔክ ሥራውን ኮሜዲ ነበር ያለው። መጨረሻው ላይ ረጅም ክርክር አለ፤ ቀመሩን ምን እናድርገው ይላሉ። የጠበቃው ጸሐፊ ቪቴክ ለሰው ልጅ ሁሉ ይሰጥ ይላል። ፕሩስ ለተመረጡ ጠንካሮች ብቻ ይላል። ግሬጎር የቤተሰቤ ውርስ ነው ባይ ነው። ጠበቃው ኮሌናቲ ደግሞ ሕጉ ሁሉ ይፈርሳል ብሎ ይጨነቃል፤ ሰው 300 ዓመት ከኖረ ውል ምን ሊሆን ነው? ለማንበብ በጣም ያስደስታል። በመጨረሻ ወረቀቱ ይቃጠላል፤ ሴትየዋ ግን መድረኩ ላይ አትሞትም።

ያናቼክ ያንን ክርክር ሁሉ ጣለው። የቀረችው ሴትየዋ ብቻ ናት። ሰክራ የምትለፈልፈው ሴት እየጠራች፣ እየለሰለሰች ትሄዳለች። የወንዶች መዘምራን ከመድረክ ጀርባ ቃሏን ይቀበሏታል። የአባታችን ሆይ መነሻ ቃላትን በልጅነት ቋንቋዋ በግሪክኛ ትላለች። ከዚያ ትሞታለች። የኮሜዲው መደምደሚያ ቀብር ሆነ። በእኔ እምነት ኦፔራው ከተውኔቱ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ቻፔክ ስለ ረጅም ዕድሜ ሐሳብ ያቀርብልናል፤ ያናቼክ ለአንዲት የደከማት ሴት ያስለቅሰናል።

ሁለተኛው ገቢር ላይ የሚመጣው ያበደ ሽማግሌ ማነው?

ሃውክ-ሼንዶርፍ ይባላል። ብዙ አዘጋጆች ሳቅ ለመፍጠር ብቻ ይጠቀሙበታል። ያሳዝናል፤ የኦፔራው ቁልፍ እሱ ጋ ነው ያለው። ከሃምሳ ዓመት በፊት በስፓኝ አንዲት ጂፕሲ ዘፋኝ ወድዶ ነበር፤ ኤውጌኒያ ሞንቴዝ። ካጣት ጀምሮ አእምሮው አልተመለሰም። ማርቲን ሲያይ ያለቅሳል፤ እሷን ትመስላለች ይላል። ሌሎቹ ይስቁበታል። ማርቲ ግን ቀስ ብላ በስፓኝኛ ትመልስለታለች፤ ትስመዋለችም።

ማስረጃ ሳይፈልግ፣ ሰነድ ሳያገላብጥ እውነቱን የሚያውቀው ይህ እብድ ብቻ ነው። ማርቲም ለሌላው ሁሉ በረዶ ሆና ለእሱ የምትሞቀው ለዚህ ይመስለኛል። ሦስተኛው ገቢር ላይ አብረን ወደ ስፓኝ እንሂድ ብሎ ሲመጣ እሺ ትለዋለች፤ ሐኪም መጥቶ ይወስደዋል።

ማርቲ ክፉ ሴት ናት? ስለ ያኔክ ሞት ሲነገራት ምንም አልመሰላትም እኮ።

መርዶው ሲመጣ ፀጉሯን እያበጀች ነው፤ ማበጀቷን አታቆምም። ሰው ሞተ ሲባል ነጠላ ማዘቅዘቅ ለለመደ ተመልካች ይህ ትዕይንት ይሰቀጥጣል። ፕሩስም ይሰቀጥጠዋል። እሷ ግን ስንቱ ለእኔ ሲል ሞቷል፣ ለሁሉ ፀጉሬን ልንጭ ነው ወይ ባይ ናት።

ክፉ ናት ለማለት ግን እቸገራለሁ። ክፉ ሰው የሌላው ሕመም ይታወቀዋል፤ እሷ ምንም አይታወቃትም። ከሁለተኛው ገቢር ሌላ ነገር አስታውሱ። አልበርት እወድሻለሁ እያለ ሲለምን እሷ እንቅልፍ ይወስዳታል። አልበርት ደግሞ ከልጇ ከፈርዲናንድ የወረደ የገዛ ዘሯ ነው፤ እሱ አያውቅም፣ እሷ ታውቃለች። ይህን ሁሉ ይዛ ብቻዋን የምትዞር ሴት ናት። ያናቼክም በደብዳቤዎቹ ለሷ የሚያዝን ሰው ነው፤ ቀዝቃዛዋ ይላታል እንጂ አይፈርድባትም። ሙዚቃው ምስክር ነው። እሷ ስትቀዘቅዝ ኦርኬስትራው ይሞቃል። ቪዮላ ዳሞሬ የሚባል የጥንት ባለ ክር መሣሪያ ጨምሮበታል፤ ለያናቼክ ይህ መሣሪያ የፍቅር ድምፅ ነው። ከእሷ ውስጥ የጠፋው ነገር ከሥሯ ይጫወታል።

ካሚላ የምትባለው ሴት ከዚህ ኦፔራ ጋር ምን አገናኛት?

ካሚላ ስቶስሎቫ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ያናቼክ የተዋወቃት በ1917 ሉሃቾቪትሴ በምትባል የፍል ውሃ ከተማ ነው። እሱ 63፣ እሷ 25 ዓመቷ ነበር፤ እሱም ባለትዳር ነው። እስኪሞት ድረስ ከ700 በላይ ደብዳቤ ጽፎላታል። እሷ በአብዛኛው ቀዝቀዝ ያለች ነበረች፤ መልሶቿም አጫጭር። የመጨረሻ ዐሥር ዓመት ሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ሴቶች ብዙዎቹ የእሷ ጥላ አለባቸው። ቀዝቃዛዋን ማርቲን ሲጽፍም ካሚላን እያሰበ እንደነበር ደብዳቤዎቹ ይመሰክራሉ። ከዚህ አልፎ ኦፔራው ስለ ካሚላ ነው ማለት ግን ሥራውን ማሳነስ ነው።

በኒው ዮርክ አንድ ዘፋኝ ይህን ኦፔራ ሲዘፍን መድረክ ላይ ሞተ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን 1996፣ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳይበት ምሽት ነበር። የጸሐፊውን የቪቴክን ድርሻ የያዘው ቴኖር (ቀጭን የወንድ ድምፅ ዘፋኝ) ሪቻርድ ቨርሳል ነው፤ 63 ዓመቱ። ገና በመጀመሪያው ትዕይንት የመዝገብ መደርደሪያ መሰላል ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። የሚዘፍነው ሰው መኖር የሚችለው ይህን ያህል ብቻ መሆኑ ያሳዝናል የሚል መስመር ነበር። እሱን ብሎ ልቡ ቆመና ወደቀ። ተመልካቹ መጀመሪያ የትዕይንቱ አካል መስሎት ነበር። ትርዒቱ ተቋረጠ።

ቀጣዩ ቀጠሮ ጃንዋሪ 8 ነበር፤ እሱ ደግሞ በከባድ የበረዶ ማዕበል ተሰረዘ። በመጨረሻ ጃንዋሪ 11 ቀን ታየ። ማርቲን የዘፈነችው ጄሲ ኖርማን ነበረች። ከዚህ ተነስተው ኦፔራው እርግማን አለበት የሚሉ አሉ። ሌላ ቦታ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ በሰላም ታይቷል፤ ወሬውን አትስሙ።

የትኛውን ቅጂ ልስማ?

ቻርልስ ማከራስ በ1978 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀዳውን። ማርቲን የምትዘፍነው ስዊድናዊቷ ኤሊዛቤት ሶደርስትሮም ናት። ማከራስ በወጣትነቱ ፕራግ ሄዶ የተማረ፣ የያናቼክን ኦፔራዎች ለእንግሊዝ አድማጭ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ይህንኑ ሥራ በ1964 ለንደን ውስጥ የመራውም እሱ ነው።

በምስል ከሆነ የምትፈልጉት፣ በእንግሊዝ የግላይንድቦርን ኦፔራ ፌስቲቫል የ1995ቱ ዝግጅት ዘፋኟን አንያ ሲልያን ይዟል። ድምፅዋ ሁልጊዜ የሚያምር አይደለም። ግን እንደገባች ሴትየዋ ብዙ ዘመን እንዳየች ታምናላችሁ። ለዚህ ሚና ከሚያምር ድምፅ ይልቅ ይህ ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

መድኃኒቱ 300 ዓመት የሚያኖር ከሆነ 337 ዓመት እንዴት ሞላት?

ሂሳብ የምትወዱ ሰዎች ሁልጊዜ ታነሡታላችሁ። በ1585 ተወልዳ በ1922 ካለች 337 ነው፤ ልክ ነው። በ16 ዓመቷ ጠጥታ 300 ብንጨምርበት ግን 316 ላይ ነው የሚቆመው። 21 ዓመት ተረፈ ማለት ነው። አንዳንዱ ከ300 በኋላ የተፈጥሮ ዕድሜዋ ይቀጥላል ብሎ ያስታርቀዋል። ይሁን። እኔ ቻፔክ ካልኩሌተር ይዞ የጻፈ አይመስለኝም፤ ድርጊቱ በራሱ ዘመን እንዲሆን ፈልጓል፣ ሩዶልፍንም ፈልጓል።

ክርስቲና ለምን አቃጠለችው? እኔ ብሆን እጠጣው ነበር።

ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ክርስቲና ግን የቪቴክ ልጅ ናት፤ ማርቲን እንደ ጣዖት የምታይ ጀማሪ ዘፋኝ። ፍቅረኛዋ ያኔክ የሞተው በዚህች ሴት ምክንያት ነው። አሁን ደግሞ ያቺው ሴት ወረቀቱን ዘርግታ እንደኔ ትዘፍኛለሽ፣ እንደኔ ዝነኛ ትሆኛለሽ ትላታለች። ልጅቷ እጇ ላይ የተቀመጠው ዕድሜ ምን እንደሚመስል ፊት ለፊቷ ቆሞ እያየችው ነው።

ሌላም አለ። ማርቲ ሥራዋን ፍጹም አድርጋ ታውቃለች። ቪቴክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረችው ከዘፋኟ ስትራዳ ጋር ሲያወዳድራት፣ ስትራዳን ሰምተሃታል ወይ ብላ ታፌዝበታለች፤ እሷ ሰምታታለችና። ያ ሁሉ ችሎታ ግን አሁን ደስታ አይሰጣትም። መዝፈንም ዝም ማለትም ለሷ አንድ ሆኗል። ለክርስቲና ግን መዝፈን ገና ጉዳይ ነው። ይህ ልዩነት ባይኖር ኖሮ የምታቃጥለው አይመስለኝም።

ታዲያ ረጅም ዕድሜ እርግማን ነው እያለን ነው?

እኛ ሰው ስንመርቅ የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥህ እንላለን። በዚያው ሰሞን በርናርድ ሾው «ወደ ማቱሳላ መመለስ» የሚል ተውኔት ጽፎ ነበር፤ የሰው ልጅ ረጅም ቢኖር ጥበበኛ ይሆናል የሚል። ቻፔክ በመቅድሙ ላይ ከሾው አልቀዳሁም ይላል። ሐሳቡ የመጣለት እርጅና የሰውነት ራሱን በራሱ መመረዝ ነው ከሚለው ከሩሲያዊው ሳይንቲስት ከሜችኒኮፍ ነበር። ደግሞ ተስፋ ቢስ ተብሎ መጠራቱን አልወደደውም። ስልሳ ዓመት መኖር ይበቃል፣ መልካምም ነው ማለት እንዴት ጨለምተኝነት ይሆናል ብሎ ይከራከራል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን ታሪክ ወስዶ ትልቅ ክርክር ከፍቷል። ሰውን የሚያኖሩት ፍላጎቶቹ ናቸው ይላል። ዘላለም ብትኖር ወይ ፍላጎቶችህ ሁሉ ያልቃሉና ትሰለቻለህ፣ ወይ ደግሞ በጣም ተለውጠህ አንተ መሆንህ ይቀራል። ፈላስፎች እስካሁን ይህን ይዘው ይነታረካሉ። ብዙዎቹ፣ የተሰላቸችው እሷ ናት እንጂ ሁሉም ሰው ይሰለቻል ማለት አይደለም ይሉታል።

እኔ ኦፔራውን ስሰማ መሰልቸት ብቻ አይደለም የሚሰማኝ። ኤሊና በመጨረሻው ዘፈኗ ለእናንተ ሁሉም ነገር ትርጉም አለው፣ ቶሎ ስለምትሞቱ ትላቸዋለች፤ ይህ የዊልያምስ ወገን ነው። ግን የወደደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች። አንድን ሰው፣ ፔፒ እያለች የምትጠራውን ባሮን ዮሴፍ ፕሩስን፣ ከልቧ ወድዳ ቀመሩን አምና ሰጠችው፤ ወረቀቱ ፕራግ የቀረውም በዚህ ነው። ኦፔራው የሚያሳየን 300 ዓመት ብቻውን የኖረን ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ያንን ዕድሜ አብረው ቢኖሩት ምን ይሆናል የሚለውን ቻፔክም ያናቼክም አልሞከሩትም።